ሁለቱ የተበላሹ ሳጥኖች

ሰኞ 3

ስምንቱ የጌም ማሽን ሳጥኖች ዛሬ ገቡ። ስክሪኑም ሽቦውም ወጥቶላቸው ባዶ እንጨታቸው ብቻ ነው የመጣው፤ ሰው ቆሞ የሚጫወትባቸው፣ ቁመታቸው ከእኔ የሚበልጥ። የወርክሾፑ በር ስለጠበበ አንድ በአንድ በጎናቸው አስገባናቸው። የአለቃችን ጣት በሩ ላይ ተቀርቅሮ ቀኑን ሙሉ እፍ ሲለው ዋለ።

የጌም ቤቱ ባለቤት አብራ መጥታ ነበር። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፤ ስታወራ ትንፋሽ አትወስድም። ሳጥኖቹን በእጃቸው የሠሩት አባቷ ናቸው፣ እሷ ሳትወለድ። ከዚያ ወዲህ የጌም ቤቱ ግድግዳ በተቀባ ቁጥር ሳጥኖቹም በተረፈው ቀለም ሲቀቡ ኖረዋል። አባቷ አምና አረፉ። «ቀለሙን በሙሉ አንሱልኝና አባቴ እንደሠሩት አድርጋችሁ መልሱልኝ» አለች። ቤቱን አድሳ የምትከፍተው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው።

ጋሼ አንዱን ሳጥን ዞረው ዞረው አዩት፣ በጥፍራቸው ጫፉን ጫር አደረጉት። «ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው፣ በሙጫ የተደራረበ። ላዩ ላይ የለጠፉበት ጥሩ እንጨት ግን እንደ ወረቀት ስስ ነው። ቀስ ተብሎ ነው የሚሠራው» አሉ። ጋሼ እዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። እኔ አሥራ አንድ። ቀለም መግፈፉንም ቫርኒሽ መቀባቱንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ረቡዕ 5

አንዱን ሳጥን ለመጨረስ ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀን። የጋሼ አሠራር እንዲህ ነው፤ የቀለም ማስለቀቂያውን ወፈር አድርጎ መቀባት፣ በላስቲክ መሸፈን፣ መጠበቅ፣ በጥፍር መሞከር፣ እንደገና መጠበቅ። ከዚያ ጫፉ በደነዘዘ ስፓቱላ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ መግፈፍ። መጀመሪያ ቡናማው ለቀቀ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከሁሉም ሥር ቢጫ። የተጫዋቾች መዳፍ ያርፍበት የነበረው ቦታ ሳህን እንዳስቀመጡበት ሊጥ ጎድጎድ ብሏል። ጋሼ ከሥር የተለጠፈ ማስቲካ አገኙና «ይሄን ያኘከው ልጅ አሁን የልጅ ልጅ አይቷል» አሉ።

አለቃችን ብቅ ብሎ አየንና «በዚህ አያያዛችሁ እኛም አብረን ልናረጅ ነው» ብሎ ሄደ። ጋሼ አልሰሙም ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። እኔ ግን ሰማሁ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሲያቃጭል ዋለ።

ዓርብ 7

አለቃችን ቢሮው ጠራኝ። «ጋሼ እንዴት ናቸው? ለብቻሽ ብትሆኚ አትፈጥኚም?»

«ትንሽ መርሳት ጀምረዋል። ትናንት የማስለቀቂያውን ክዳን ሳይገጥሙ ነው የሄዱት» አልኩት።

እውነት ነው። ክዳኑ ክፍት ነበር። ያልሆነ ነገር አልተናገርኩም።

እሑድ 9

ባሌ እጄን አይቶ «ምነው ጓንት የላችሁም እንዴ?» አለኝ። ጣቶቼ ጫፍ ጫፋቸው ተልጧል። ለዚህ ሥራ ከጋሼ ቀጥሎ እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። «ከቀጥሎ መቼ ነው የምትወጪው?» ብሎ ሳቀ። ለቀልድ ነው ያለው። ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳጥብ ግን ነገሩን ስመላልሰው ራሴን ያዝኩት።

ማክሰኞ 11

ሁለት አለቀ። ሦስተኛው ተጀምሯል። አለቃችን ቀኖቹን ግድግዳ ላይ ጽፎ በየቀኑ ይሰርዛል። ጋሼ አይቸኩሉም። እኔ ስፋጠን «ቀስ በይ ልጄ፣ እንጨቱ የትም አይሄድም» ይሉኛል። ዛሬ ይሄ አባባላቸው አናደደኝ።

ሐሙስ 13

ጋሼ ዓይናቸውን ሊታዩ ሐኪም ቤት ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት የሁለት ሳጥን ጎን በማስለቀቂያ ቀቡ። «አራትንና አምስትን ቀብቻቸዋለሁ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጥረጊልኝ» ብለውኝ ወጡ።

እኔ ሌላ ነገር ሞከርኩ። ቶሎ እንዲለቅ ብዬ ነው። ውጤቱ ጥሩ ይመስላል፣ ቀለሙ ወዲያው ፈላ። መሐል ላይ አለቃችን ወንበሮች እንዳደርስ ላከኝና ስመለስ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። በላስቲክ ሸፈንኳቸው። ነገ ሲመጡ ያያሉ።

ባልዲውን አጥቤ መለስኩት።

ዓርብ 14

ላስቲኩን ያነሱት ጋሼ ናቸው። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ።

የሁለቱም ሳጥን ጎን አብጧል። የለቀቀው ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ስሱ እንጨትም ከነሙጫው ተነስቶ እንደተቃጠለ ቆዳ ተኮማትሯል። ጋሼ በጣታቸው ሲነኩት ተቀደደና እጃቸው ላይ ቀረ። ከሥሩ ያለው ኮምፔንሳቶ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ተከፋፍቷል። ጠቁሯልም። ጋሼ ጥቁረቱን ደጋግመው አዩት። «ማስለቀቂያ እንጨት አያጠቁርም» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

አለቃችን መጣ። ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። «ሌሊቱን ሙሉ ታፍኖ አድሮ ነዋ! ማነው ሳይጠርገው የሄደ?»

ጋሼ «እኔ ሐኪም ቤት ነበርኩ። ጥረጊልኝ ብያት ነው የሄድኩት መሰለኝ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ሲያዩኝ ክፋት የለባቸውም። እንዳስታውሳቸው ብቻ ነው የፈለጉት።

አለቃችንም ዞረ። «ነግረውሻል?»

«አላስታውስም» አልኩ።

አልነገሩኝም አላልኩም። አላስታውስም ነው ያልኩት። አንድ ቃል ናት። ከአፌ ስትወጣ ለስላሳ ነበረች።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «እንግዲያው ሳልነግራት ሄጄ ይሆናል» አሉ። ከዚያ «ይሆናል» አሉ ደግመው።

ቅዳሜ 15

አልሠራሁም። አልበላሁም። ባሌ አሞሽ ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት።

ሰኞ 17

ጋሼን አሰናበታቸው። በክብር ነው፣ በትህትና ነው፤ «ጋሼ፣ ዕድሜ ልክዎን ለፍተዋል፣ አሁን ይረፉ» አላቸው። ጋሼ አልተከራከሩም። ካፖርታቸውን ደረቡ፣ ሁሉንም ጨብጠው ተሰናበቱ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነበር። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

በእርግጥ እሳቸውም አርጅተዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ዛሬ ባይሆን የዛሬ ዓመት መሰናበታቸው አይቀርም ነበር። ይሄን ስጽፈው ትክክል ይመስላል። ሳነበው አይመስልም።

ረቡዕ 19

አለቃችን የቀለሙን ሥራ እኔ እንድመራ አደረገኝ። ባሌ ለጎረቤቶቹ ሁሉ አወራ። የላይኛው ፎቅ ሴትዮ በደረጃው አስቁማ ሳመችኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «አመሰግናለሁ» አልኳት።

ዓርብ 21

ስድስተኛው ሳጥን። በጋሼ አሠራር፤ መቀባት፣ መሸፈን፣ መጠበቅ፣ በጥፍር መሞከር። ዛሬ «ለምን ትዘገያለሽ» የሚለኝ የለም። አለቃችን አልፎ ሲሄድ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ይላል።

የጌም ቤቱ ባለቤት መጥታ የተበላሹትን ሁለቱን አየች። እንደማውቃት ቶሎ ቶሎ አላወራችም። ከተነሳው እንጨት ሥር በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮች ወጥተዋል፤ አባቷ የለኩባቸው። ጣቷን ቁጥሮቹ ላይ አሳለፈች። ኋላ ወደ እኔ ዞራ «አዛውንቱ በጣም አዘኑ አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም በዪልኝ፣ እህቴ። ታገኚያቸዋለሽ አይደል?»

«አገኛቸዋለሁ» አልኳት።

እሑድ 23

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ እስካሁን አልጻፍኩትም። ሶዳ ነው የጨመርኩት። ሙቅ ውሃ ላይ ካስቲክ ሶዳ በጥብጬ በማስለቀቂያው ላይ ደረብኩበት። ኮምፔንሳቶ ሶዳ እንዳይነካ ጋሼ ያስተማሩኝ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ነው። ሳላውቅ አይደለም። አለቃችን ሁለቱን ሳጥን በአንድ ቀን ጨርሼ እንዲያየኝ ፈልጌ ነው። ጋሼ ሲመለሱም እንዲያዩልኝ።

ከዚያ ደግሞ ወንበር አድርሺ ስባል መጥረጉን ረስቼው ሄድኩ። የረሳሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ 25

ፋርማሲ ወረፋ ላይ የጋሼን ባለቤት አገኘኋቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ሳያዩኝ ልሾልክ ነበር፣ ግን ቀድመው ጠሩኝ። አቀፉኝ።

«ጋሼ ደህና ናቸው?» አልኩ። ምን ልበል ሌላ።

እትዬ ወረፋውን ለኋላቸው ሰው ለቀው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «አይ ልጄ፣ ምን ደህና አለ። ከሥራ ወጣሁ ብሎ ሲመጣ ትንሽ አዝኖ ይተወዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን የተያዘው በሌላ ነው። ነግሬያት ነበር ወይስ አልነገርኳትም እያለ ሌት ተቀን ይኼንኑ ነው። ጠዋት ሲነሳ የልጆቻችንን ስም በተራ ይጠራል፣ እንዳልጠፋበት ለማየት። የቤቱን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኝ። ምድጃ አያቀጣጥልም። ብቻውን መንገድ አይሻገርም። ትናንት የልጃችን ልጅ እቅፈኝ ብላው ብጥልሽስ አላት።»

የመድኃኒቱን ወረቀት አጣጠፍኩት።

«ሐኪሙ ዘንድ ወስጄው ነበር» አሉ እትዬ። «ብዙ ጥያቄ ጠየቀው፣ ሁሉንም መለሰ። ደህና ናቸው አለኝ። እሱ ግን አላመነም። ሐኪሙ ያን ዕለት አልነበረም አለኝ። ያን ዕለት የነበረችው እሷ ናት፣ እሷም አታስታውስም አለ።»

እሷ ማለት እኔ ነኝ።

እትዬ ጉንጬን ዳሰሱኝና «አንቺም ከስተሻል፣ ምነው?» አሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳቸው። ተራቸው ደርሶ ሄዱ። መድኃኒት ልገዛ የገባሁትን ሳልገዛ ወጣሁ።

ሥራቸውን ብቻ የወሰድኩባቸው መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ 26

እቤታቸው ድረስ ሄድኩ። በሩ ላይ ደረስኩ። ከውስጥ ሬዲዮ ይሰማል። ተመለስኩ።

ዓርብ 28

ዛሬም ሄድኩ። ዛሬም ተመለስኩ። ለባሌ የት ነበርሽ ሲለኝ ዋሸሁት። አሁን እሱም ተጨመረ።

እሑድ 30

ጠዋት ለባሌ ሁሉንም ነገርኩት። ቁርሱን ገፋ አደረገው። ተቆጥቶ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እና እስካሁን ምን ትጠብቂያለሽ?» ብቻ አለኝ።

ሄድኩ።

ጋሼ ደጅ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፣ ፀሐዩ ላይ። ሳይላጩ ነው ያደሩት። ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ የከፋው እሱ ነው። «ልጄ መጣች» ብለው እትዬን ጠሩ። እትዬ ወንበር አመጡልኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ተናገርኩ። እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም፤ ይሄኛውን በእውነት አላስታውስም። ብቻ ሶዳ አልኩ፣ እኔ ነኝ አልኩ፣ ነግረውኝ ነበር አልኩ።

ጋሼ እጃቸውን አነሱ፣ ዝም እንድል። ከዚያ በዝግታ ይጠይቁኝ ጀመር።

«ውሃው ሙቅ ነበር ቀዝቃዛ?»

«ሙቅ።»

«ስንት ሰዓት ላይ ደረብሽው?»

«እርስዎ ከወጡ አንድ ሰዓት በኋላ።»

«በየትኛው ባልዲ?»

«በሰማያዊው። አጥቤ መለስኩት።»

«ለዚህ ነው የጠቆረው» አሉ። «ጠቁሮ ነበር አላልኩም?» ይሄን ያሉት ወደ እትዬ ዞረው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ። «ስወጣ ምን አልኩሽ? ያልኩሽን ቃል በቃሉ ንገሪኝ።»

«አራትንና አምስትን ቀብቻቸዋለሁ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጥረጊልኝ።»

ጋሼ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደገሙት። ሁለቴ ደገሙት። ዓይናቸው እንባ ሞላ። አልጠረጉትም። «ብያታለሁ» አሉ ለእትዬ። «ሰማሽ? ብያት ነበር።»

እትዬ የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል።

ጋሼ ተነሱ። ጫማቸውን አጠለቁ። «ቁልፌን» አሉ። እትዬ ከጉያቸው አውጥተው ሰጧቸው። ልከተልህ ሊሉ ሲሉ «ተይኝ» አሏቸውና ብቻቸውን ወጡ። መንገዱ ዳር ቆመው መኪና አሳለፉ፣ ግራ ቀኝ አዩ፣ ተሻገሩ። አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አላዩም።

ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት እትዬ ቀደሙኝ። «አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ» አሉኝ። ያመጡልኝን ወንበር አንስተው ገቡና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ሰኞ 1

ለአለቃችን ነገርኩት። ሥራ ሳልጀምር፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ።

እስክጨርስ ድረስ እስክሪብቶውን ሲያገላብጥ ቆየ። «አሁን ይሄ ለማን ይጠቅማል?» አለኝ።

«ለጋሼ።»

«ጋሼ እንደሆነ መሄዳቸው ላይቀር ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሶዳውን ከረጢት ተከፍቶ አይቼዋለሁ እኮ። ያን ዕለት ጠዋት።»

ያውቅ ነበር ማለት ነው። ያን ዕለት «ነግረውሻል?» ብሎ ሲጠይቀኝ እያወቀ ነው የጠየቀኝ። መልሴን ይጠብቅ ነበር፤ እኔም እንደሚፈልገው መለስኩለት። ክዳኑ ክፍት ነበር ያልኩት ቀን ነው ለካ የተዋዋልነው።

ቀለል ይለኝ መስሎኝ ነበር፤ ጥፋተኛው ሁለት ሲሆን ግማሽ ግማሽ የሚካፈሉት መስሎኝ። እሱም ሙሉውን አለው፣ እኔም ሙሉውን።

ከቢሮው ወጥቼ ለጌም ቤቱ ባለቤት ደወልኩላት። አቋርጣ አታስጨርሰኝም ብዬ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ቤታቸው የት ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

ሐሙስ 4

ከጋሼ ዘንድ ሄዳ ነበር። ዛሬ አለቃችንን ፊት ለፊት አነጋገረችው፤ ሁለቱ ሳጥኖች አዲስ ጎን እንዲሠራላቸው፣ የሚሠሩትም ጋሼ እንዲሆኑ፣ አለበለዚያ ስምንቱንም ጭና እንደምትሄድ። አለቃችን ሳቅ ሳቅ እያለ እሺ አለ። ጣሪያውን ያይ ነበር።

ስትወጣ በሩ ላይ አገኘችኝ። እህቴ አላለችኝም። «ጋሼ ያበላሸችው ልጅም ሥራው ላይ ትኑር ብለዋል» አለችኝ።

ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ይቅር ያሉኝ መስሎኝ። ለባሌ ነገርኩት። እሱ ቡናውን መቅዳቱን ቀጠለ።

ሰኞ 8

ጋሼ ከሁሉም ቀድመው ገብተዋል። ተላጭተዋል። ሸሚዛቸው ተተኩሷል። አዲሱን መነጽር አድርገው የተበላሸውን ጎን ይለካሉ፤ የሟቹን የእርሳስ ቁጥሮች ወደ ወረቀት እየገለበጡ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንደምን አደሩ» አሉኝ።

መጀመሪያ ከኋላዬ አለቃችን የገባ መስሎኝ ዞርኩ። ማንም የለም።

አሥራ አንድ ዓመት አንቺ ሲሉኝ ነው የኖርኩት። በመጀመሪያው ቀን ስሜን ሳይጠይቁ ነው «ነይ ይሄን ያዢ» ያሉኝ። ሲቆጡኝም አንቺ፣ ሲያመሰግኑኝም አንቺ፣ ልጄን በወለድኩ ጊዜ ሊጠይቁኝ መጥተውም አንቺ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ «ያንን ያቀብሉኝ»፣ «እዚህ ጋ ይያዙልኝ»፣ «ምሳዎን ይብሉ»። ድምፃቸው አልከፋም። ለማያውቁት ደንበኛ የሚናገሩበት ድምፅ ነው።

ሌሎቹ ሠራተኞች ሰሙ። አንዱ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አጎነበሰ።

ረቡዕ 10

የአንዱ ሳጥን ጎን ተለጠፈ። ሙጫው እስኪይዝ አጠገብ ለአጠገብ ቁጭ አልን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ሰፈራቸው ሰው ሁሉ ያጫውቱኝ ነበር።

ተናገርኩ። ሳልዘጋጅ ነው የወጣኝ። «ጋሼ፣ ይስደቡኝ። እንደ ፈለጉ ይቆጡኝ። እርስዎ ብቻ አይበሉኝ።»

ጋሼ ሙጫውን በጣታቸው ሞከሩ። ከዚያ ሳያዩኝ «የሰደብኩትን ሰው ቶሎ እታረቀዋለሁ፤ ጠባዬ ነው» አሉ። «ከእርስዎ ጋር ቶሎ መታረቅ አልፈልግም። ቶሎ ከታረቅን ያ ነገር ትንሽ ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ ትንሽ እንዳልነበረ አውቃለሁ። የልጅ ልጄን ፈርቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ትኑር አሉ?»

«ሥራው እንዲያልቅ» አሉ።

ሐሙስ 11

ዛሬ የቀረው አምስተኛው ሳጥን ነበር። የፊቱ ቀለም ገና አልተነሳም፤ ያን ቀን በጎኑ ብቻ ነው የተበላሸው። ጋሼ ማስለቀቂያውን ቀቡት፣ በላስቲክ ሸፈኑት። ወደ ምሳ ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ዞሩ።

«ስመለስ እንዳላገኘው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይጥረጉልኝ» አሉኝ።

በወርክሾፑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የተናገሩት ለዚህ ይሆናል። ወይም ከእኔ ጋር ሲሆኑ ከአሁን በኋላ ምስክር ያስፈልጋቸዋል።

ምሳ አልወጣሁም። ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። በየአምስት ደቂቃው ላስቲኩን ገለጥ እያደረግሁ በጥፍሬ ሞከርኩ። ሲለሰልስ በደነዘዘው ስፓቱላ የእንጨቱን መስመር ተከትዬ ገፈፍኩት፤ ቡናማውን፣ አረንጓዴውን፣ ቀዩን፣ ቢጫውን። አልቸኮልኩም። እንደገና በጥፍሬ ለመሞከር ሁለቴ አቁሜ ነው የጨረስኩት።

ጋሼ ሲመለሱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው እንጨቱን ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ደህና አድርገው ጠርገውታል» አሉኝ።

«አመሰግናለሁ» አልኩ።

ካፖርታቸውን ሰቅለው የማለስለሻውን ብርጭቆ ወረቀት ለሁለት ቀደዱ። አንዱን ግማሽ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። እሳቸው በግራ ጎን ጀመሩ፤ እኔ በቀኝ።